በደብረ ብርሃን ብርድ የፎርማይካ ስክሪን እንዴት እንደሠራሁ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ የቢሮ ፕሮጀክተር ገዛሁ። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ብርዱ አያስወጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም በሩን ይዘጋል፤ ቤተሰብ አንድ ክፍል ይሰበሰባል። እማዬ ዓይኗ ደክሟል። ትንሿን ቴሌቪዥን ለማየት ወንበሯን እያስጠጋች አፍንጫዋ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። እሷ ከሩቅ ሶፋው ላይ ተደግፋ እንድታይ ፈለግሁ።

መጀመሪያ የዘረጋሁት አንሶላ ነው። ከዚያ ወፍራም አቡጀዲ ሞከርኩ። ጨርቅ የብርሃኑን ከፊል ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። ስፌቱ ይታያል። በር በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል። ያገለገለ የማስታወቂያ ባነር ገልብጬም ሰቀልኩ። እሱ ደግሞ ጫፍ ጫፉ ይጠቀለላል፣ መሐሉ ያብረቀርቃል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳላበራ ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ልስኑ ቀን ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። የፕሮጀክተር ብርሃን ሲያርፍበት ግን እብጠቱና ጉድጓዱ ሁሉ ይቆጠራል። የኳስ ሜዳው ነጭ መስመር እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር።

ስለዚህ ጠንካራ፣ ዝርግ፣ ነጭ ነገር ያስፈልገኛል አልኩ። መልሱ ፎርማይካ ሆነ። አሁን ስክሪኑ ከተሰቀለ ሁለተኛ ክረምቱን አልፏል። እዚያ እስኪደርስ ግን ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ስህተቶች የመጡት ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ ለሞቃት ቤት የተጻፉ ስለነበሩ ነው። የእኛን ብርድና የእኛን ጉም አያውቁም። ይህን የምጽፈው በደጋ የሚኖር ሰው ያንኑ መንገድ እንዳይደግም ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት ቦታ ያላችሁ ስለ ማስቲሹ፣ ማለትም ስለ ማጣበቂያው፣ ያወራሁትን ዘላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ፎርማይካ ሁላችንም እናውቀዋለን። የቡና ቤት ጠረጴዛ፣ የኩሽና መደርደሪያ፣ የድሮ ቁም ሣጥን ላይ አለ። ስሙ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ኸርበርት ፌበርና ዳንኤል ኦኮነር የተባሉ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲሶች በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ማይካ የተባለውን ማዕድን የሚተካ ነገር ሠሩ። የማይካ ምትክ ነው ለማለት በቋንቋቸው "ፎር ማይካ" አሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። ቡናማ ወረቀት ፌኖሊክ በሚባል ሙጫ ተነክሮ ይደራረባል። ከላዩ ቀለም ያለው ወረቀት ሜላሚን ተነክሮ ይመጣል። ከዚያ በሙቀትና በከባድ ግፊት አንድ ይሆናሉ። ጠርዙን ስታዩት ቡናማ መስመር ያለው ለዚህ ነው። ለስክሪን የሚያስፈልገው ጠባይ ሁሉ አለው። ብርሃን አያሳልፍም፣ አይሸበሸብም፣ ሲቆሽሽ ይወለወላል። ውጭ አገር በእጃቸው ስክሪን የሚሠሩ ሰዎች ዊልሰንአርት የተባለ ኩባንያ "ዲዛይነር ዋይት" ብሎ የሚሸጠውን ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ሉህ ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እኛ ያንን ስም መፈለግ የለብንም። የሚፈለገው ነጭ፣ ማት፣ የእንጨትም የጨርቅም ቅርጽ ያልታተመበት ሉህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ማት ነጭ ፎርማይካ ጠየቅሁ። ሻጩ አወጣልኝ። ሱቁ ጨለም ያለ ነበር፤ እኔም አላጣራሁም። ቤት አምጥቼ ግድግዳ አስደግፌ ሳበራበት መሐሉ ላይ ትልቅ የብርሃን ኳስ ታየ። ጠርዞቹ ደበዘዙ። ቦታ ስቀይር ኳሱም አብሮኝ ይዞራል። ሉሁ የሚያብረቀርቅ ነበር። የሚያብረቀርቅ ገጽ ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ማት ገጽ ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ስለዚህ ማንም የትም ቢቀመጥ ምስሉ እኩል ይታየዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ሉሁ ላይ አግድም ያዙት። የመብራቷ ቅርጽ ጥርት ብላ ከታየች አትግዙት። ብርሃኑ ጠርዙ የማይለይ ሰፊ ዳመና ከመሰለ ያ ነው የምትፈልጉት። ሻጩ ምን አለ አይደለም ጉዳዩ፤ ባትሪው ያለው ነው። ነጭነቱን ደግሞ ከቢሮ ወረቀት ጋር አታወዳድሩ። ወረቀት ነጭ እንዲመስል ሰማያዊ የሚያፈካ ኬሚካል ይጨመርበታል። አጠገቡ ማንኛውም ጥሩ ነጭ ክሬም ይመስላል። ይልቅ ሁለት ሦስት ዓይነት ነጭ ጎን ለጎን አስቀምጡና ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የማያደላውን ውሰዱ።

ሁለተኛውን ሉህ ከመግዛቴ በፊት ትንንሽ ናሙናዎች ለመንኩ። መዳፍ የሚያህሉ ሦስት ነጭና አንድ ፈዛዛ ግራጫ ሰጡኝ። ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፌ አንድ ሙሉ ማታ አየኋቸው። ግራጫው ላይ ጥቁሩ ጠለቅ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። የቢሮ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም ላይ ደካማ ስለሆነ ግራጫ ይረዳዋል። እኔ ያገኘሁት ግራጫ ግን የሰውን ፊት ወደ ሰማያዊ ወሰደው። እማዬ "ይሄ ሰውዬ ታሟል እንዴ?" ስትል ጉዳዩ አለቀ። ነጩን መረጥኩ። እናንተ ሰማያዊነት የሌለው ግራጫ ካገኛችሁ፣ ፕሮጀክተራችሁም ብርቱ ከሆነ፣ ግራጫውን ሞክሩት።

ማቱን ሉህ ያገኘሁት መርካቶ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መምጣት ነበረበት። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎርማይካ ይጠቀለላል። ሲጠቀለል ነጩ ገጽ ወደ ውስጥ ይሁን። ክቡን ሰፋ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። ጠርዙ እንደ ብስኩት ነው፤ ከነካ ይሰነጠቃል። በብርድ ደግሞ ይብሳል። ቤት እንደደረሰ ቀስ ብላችሁ ፈትታችሁ አስተኙት።

መጠኑን ላስረዳ። ሉሁ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። የዘመኑ ቪዲዮ አብዛኛው 16 ለ9 ነው። ቁመቱ 122 ከሆነ ወርዱ 217 ይመጣል። ስለዚህ ከርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። እኔ ዙሪያውን በጥቁር ጠርዝ ሸፈንኩት፤ ከላይና ከታች 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ አድርጌ። የሚታየው ክፍል 206 በ116 ሆነ። ከጥግ ጥግ ሲለካ 93 ኢንች ነው። ለዚህ መጠን ከ2.8 እስከ 3.8 ሜትር ርቆ መቀመጥ ይስማማል። የእኛ ሳሎን 4 ሜትር ስለሆነ ሶፋው ልክ ቦታው ላይ ወደቀ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ብርሃን ነው። ለዲጂታል ሲኒማ የተቀመጠው የስክሪን ድምቀት 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። የእኔ ስክሪን 2.4 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ሉመን ማለት ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ ነው። በጨለማ ክፍል ያንን ለመድረስ ወደ 360 እውነተኛ ሉመን ይበቃዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን እውነተኛ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የፕሮጀክተሬ ጀርባ 3000 ይላል። አምፖል ግን እያረጀ ይደክማል። ዕድሜው የሚቆጠረውም ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ እንዲያምር ስታስተካክሉት ሌላ ይቀንሳል። ርካሽ የሆኑት ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶናቸው ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ደግሞ ጨርሶ አትመኑት። አንሲ ሉመን፣ ማለትም በታወቀ ደረጃ የተለካው ብርሃን፣ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ ስክሪኑን ስታሰፉ ብርሃኑ ይሳሳል። ወርዱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ለዚህ ነው ትልቅ ስክሪን ለሚመኝ ወንድም መጀመሪያ ክፍሉን አጨልም የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ፎርማይካ ብቻውን እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ አናጢ አሉ። ቺፑድ ከእንጨት ስባሪ፣ ኤም ዲ ኤፍ ደግሞ ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጨምቀው የሚሠሩ ሰሌዳዎች ናቸው። የቱ እንደሚሻል ሄጄ አማከርኳቸው።

"ጋሼ፣ ቺፑድ ይሻላል ወይስ ኤም ዲ ኤፍ?"

"ልትሰቅለው ነው ወይስ ልታስደግፈው?"

"ልሰቅለው ነው።"

"እንግዲያው ባለ 18 ቺፑድ ተው። ግድግዳህን ይዞት ይወርዳል።"

ልክ ነበሩ። ባለ 18 ሚሊ ቺፑድ ሙሉ ሉሁ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 9 ሚሊ ኤም ዲ ኤፍ በ217 ሲቆረጥ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ገጹም ለስላሳ ነው። ቺፑድ ላይ ያለው ሻካራነት በቀጭን ፎርማይካ በኩል ሊታይ ይችላል። ኮምፔልሳቶም ይሆናል፤ ግን ገበያ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ጠማማ ነበር። ሰሌዳውን በጋሪ ወደ ቤት ወሰድነው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰፊ ሰሌዳ ነፋስ ሲያገኘው ሸራ ነው። ሁለት ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ያዙለት።

ሁለተኛው ስህተቴ ማስቲሹ ላይ ነው። ብርድ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት እዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ማስቲሽ እንደ ኮላ አይደለም። ሁለቱም ገጽ ላይ ይቀባል። ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ሁለቱ ገጾች ይገናኛሉ። በዚያች ቅጽበት ይያያዛሉ፤ ማንሸራተት የለም። ይህን አንብቤ ነበር። 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። እኔ ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ቤት ውስጥ 9 ዲግሪ። ቀባሁ፣ 20 ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ለጠፍኩ። አምሮ ነበር። በአራተኛው ቀን የታችኛው ቀኝ ጥግ ተነሣ። በሳምንቱ ሁለት ቦታ ላይ አየር ያዘለ እብጠት ታየ።

ጋሼ መጥተው አዩት። በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "ይቺ ሳትደርቅ ነው የተለጠፈች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። በብርድ የማስቲሹ ፈሳሽ ቶሎ አይተንም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን እርጥብ ነው። ከዚያ የባሰም አለ። ፈሳሹ ሲተን ገጹን የበለጠ ያቀዘቅዘዋል። ያን ጊዜ የአየሩ እርጥበት እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ያርፋል። ጤዛ ላይ የሚጣበቅ ነገር የለም። ማስቲሹ ለመሥራት ቢያንስ 18 ዲግሪ ይፈልጋል። እኔ የሰጠሁት ግማሹን ነው።

የተነሣውን ጥግ ያዳንኩት በካውያ ነው። የደረቀ ማስቲሽ ሲሞቅ መልሶ ይነቃል። ወፍራም ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ካውያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ አለፍኩበት። ወዲያው በእንጨት መዳመጫ ከመሐል ወደ ውጭ ተጫንኩት፤ እስኪቀዘቅዝ ክብደት አስቀመጥኩበት። እስካሁን አልተነሣም። ይህን የምታደርጉት ማስቲሹ ከተቀባ ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ሽታው ጨርሶ ከጠፋ ብቻ ነው። ትኩስ ማስቲሽ አጠገብ ካውያ ማምጣት እሳት መጥራት ነው።

በእኛ አየር ቢደገም እንዲህ ነው የማደርገው፤ በኋላ የጀርባውን ሉህ ስለጥፍ ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። ሰሌዳውና ፎርማይካው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሙሉ ቀን ጎን ለጎን ይረፉ። አንዱ ከውጭ ቀዝቅዞ፣ ሌላው ቤት ሞቆ ከተለጠፉ በኋላ እኩል አይሆኑም። ማስቲሹን ራሱን ቆርቆሮውን እንደዘጋችሁ የሞቀ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቆዩት፤ እሳት ላይ ግን በፍጹም። ሥራውን ጠዋት አትጀምሩ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው የእኛ ምርጥ ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ነፋስ የማይደርስበት። ነፋስ ገለባና አቧራ ያመጣል። አንዲት የገለባ ስባሪ ከፎርማይካው ሥር ከገባች ዕድሜ ልኳን እዚያው ትታያለች። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፉት፣ ትቢያውን ጥረጉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ቀቡ። ኤም ዲ ኤፉ ይመጠዋል፣ ጠርዙ ላይ በተለይ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። ከዚያ ሰዓት አትቁጠሩ። ቁራጭ ወረቀት ጫን አድርጋችሁ አንሡ። ወረቀቱ ምንም ሳይይዘው ከተነሣ ደርሷል። እኔ ጋ 50 ደቂቃ ፈጀ።

ስትለጥፉ ሰሌዳው ላይ ቀጫጭን ንጹሕ ዱላዎች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሩ። ፎርማይካውን ከላያቸው አስቀምጡ። ከሰሌዳው በየጎኑ 3 ወይም 4 ሚሊ ይትረፍ። ልኩን ስታረጋግጡ የመሐሉን ዱላ አውጡና በእጃችሁ ጫኑ። ከዚያ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እያወጣችሁ ወደ ጫፍ ሂዱ። እንዲህ ሲሆን አየር አይታፈንም። በመዳመጫ ከመሐል ወደ ዳር በሙሉ ጉልበት ተጫኑት። የተረፈውን ጠርዝ በሞረድ አስተካክሉ፤ ሞረዱ ሁልጊዜ ከነጩ ገጽ ወደ ሰሌዳው ይግፋ። በተቃራኒው ከሳባችሁት ጠርዙ ይፈነቀላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ብርድ ነው ብላችሁ ክፍሉን በከሰል ምድጃ አታሙቁ። የማስቲሽ ትነት እሳት ያገኘ ዕለት ይያያዛል። ትነቱ ራሱ ያሰክራል፣ ራስ ያማል። የከሰል ጢስ ደግሞ በዝግ ቤት ሰው እንደሚገድል ደጋ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማገናኘት የለም። በርና መስኮት ይከፈት፤ ልጆች አይቅረቡ።

ከጀርባ በ4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ፣ ማለትም በቀጭን የተሰነጠቀ እንጨት፣ ፍሬም ሠራሁለት። ያሰርኩት በቪቴ ብቻ ነው፤ በኮላ አላጣበቅሁትም። የቪቴውን ርዝመት ለክታችሁ ግዙ። 9 ሚሊ ሰሌዳ ውስጥ ከ6 ወይም 7 ሚሊ በላይ ከገባ ነጩን ገጽ ይገፋዋል። ለመስቀል አንድ ጣውላ ጠርዙን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሁለት ቦታ ሰነጠቅን። አንዱ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ስክሪኑ ጀርባ ላይ ተመታ። አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣል፤ በክብደቱ ራሱን ያጠብቃል። ሁሉ ተደምሮ 30 ኪሎ ይጠጋል። የጭቃ ግድግዳ ልስን ላይ ቪቴ አይያዝም። በጣት እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉ፤ ድምፁ ይደፈናል። የእኔ ሦስት ቋሚዎች ላይ ተይዟል። የብሎኬት ቤት ያላችሁ በትራፓኖ በስታችሁ ፊሸር ክተቱ፤ የእናንተ ይቀላል።

ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ምሽት ፕሮጀክተሩን በቋሚ ቦታው አስቀምጡት። በውኃ ልክ አስተካክሉት። ግድግዳው ላይ አብሩና የምስሉን አራት ጥግ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስክሪኑን ለምስሉ ስቀሉ እንጂ ምስሉን ለስክሪኑ አታጣምሙ። ፕሮጀክተሩ አዘንብሎ በሜኑ ሲስተካከል ፒክስሉ ይባክናል፣ ጽሑፍ ይደበዝዛል።

ጥቁሩን ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ሠርቼ በጥቁር ከፋይ አለበስኩት። መጀመሪያ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ነበር። ቀለሙ ከምስሉ ወጣ ያለውን ብርሃን ያሳያል። ከፋይ ግን ብርሃን ይውጣል። ለምስሉ ጥራት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ጠርዙ ሲጠቁር ነጩ ይነጣል፣ ሥዕሉ ተቆርጦ ይወጣል። ከአሮጌ የከፋይ ቀሚስ ብትቆርጡም ይሆናል።

ለገና ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። እማዬ ሶፋው ላይ ተደግፋ አየች።

ሦስተኛው ስህተት የታየው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ጉሙ በር ላይ ይቆማል። ልብስ አይደርቅም። አንድ ማታ የምስሉ መሐል ጥርት ብሎ ዳርና ዳሩ ሲደበዝዝ አየሁ። ሌንሱን ሳስተካክል ዳሩ ጠርቶ መሐሉ ደበዘዘ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ ለካሁት። መሐሉ ከሲባጎው 14 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገብቷል። ስክሪኑ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፊቱ በፎርማይካ ተዘግቷል። ጀርባው ግን ባዶ ኤም ዲ ኤፍ ነው። ጉሙን ጠጥቶ አበጠ፣ ረዘመ፤ ፊቱ አልረዘመም። ስለዚህ ታጠፈ። ሞራሌው ሊይዘው አልቻለም።

መፍትሔው በጀርባውም ያንኑ ውፍረት ያለው ፎርማይካ መለጠፍ ነው። የቀለሙ ነገር ግድ የለም፤ ማን ያየዋል። ያን ጊዜ ያ የሚያብረቀርቀው ሉህ ትዝ አለኝ። እማዬ ለኩሽና ጠረጴዛ ይሆነኛል ብላ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቁማው ነበር። እሷን ለምኜ ወሰድኩት። መስከረም አጋማሽ ላይ ስክሪኑን አወረድኩ፣ ፍሬሙን ፈታሁ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ አስተኝቼ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ራሱ ተመለሰ። ጥቅምት ላይ ለጠፍኩት። ባዶ የቀረውን ጠርዝ ዙሪያውን በቀለም ዘጋሁ። በሁለተኛው ክረምት ሲባጎውን ወጥሬ ስለካ 2 ሚሊ ብቻ ሆነ። ከመጀመሪያው ሁለቱን ጎን ብለጥፍ ኖሮ አንድ ዓመት አተርፍ ነበር።

ስለ ፕሮጀክተሩም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ አዲስ አበባ ላላችሁም ይሠራል። የእኔ 40 ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሙቀት መብራት አሳይቶ ይጠፋ ነበር። በብርድ አገር እንዴት ይሞቃል ብዬ ግራ ገባኝ። ማጣሪያውን አስጸዳሁ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ሜኑውን ስፈትሽ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚል ምርጫ አገኘሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ማራገቢያው ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ይህንን አብሩ ይላሉ። ካበራሁት በኋላ ድምፁ ትንሽ ጨመረ፤ መጥፋቱ ግን ቀረ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ካላችሁ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሳይቀዘቅዝ ስለሚቆም ይጎዳል። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ማራገቢያው አቀዝቅዞ እስኪጨርስ ያቆየዋል።

ክፍሉን ያጨለምኩት በመንዝ ዝተት ነው። ጥቁር ቡናማው የበግ ጠጉር ከየትኛውም መጋረጃ ይበልጣል። አንዱን መስኮቱ ላይ፣ ሌላውን ከስክሪኑ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። የተቀባ ነጭ ግድግዳ የስክሪኑን ብርሃን መልሶ ይልክበታል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ዝተቱ ያንን ያስቀራል። ድምፅንም ያረጋጋል። ፎርማይካ ጠንካራ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ አያሳልፍምም። ስለዚህ ስፒከር ከኋላው አይደበቅም፣ ከሥሩ ነው የሚቀመጠው። ዝተቱ ብርዱንም መለሰልን።

ቤታችን ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ዕጣን አይጠፋም። ጢሱ በወር ውስጥ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ጥላ ይጥላል። በቀለም የተቀባ ስክሪን ቢሆን አብቅቶለት ነበር። ፎርማይካውን ለብ ባለ ውኃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አብሰዋለሁ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ በደረቅ። የሚፈገፍግ ዱቄትና የብረት ሽቦ አይንካው። ማቱን ይወለውለዋል፤ የተወለወለው ቦታ ማብረቅረቅ ይጀምራል።

ከማቱ ሉህ የተቆረጠችውን 27 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ አልጣልኳትም። አዲስ ሳሙናም ሆነ ጨርቅ ስሞክር መጀመሪያ እሷ ላይ ነው። ከሚያብረቀርቀው የተረፈችው ቁራጭ ደግሞ የእማዬ ረከቦት ላይ ተለጥፋለች። ጠረጴዛውን ገና አልሠራሁላትም፤ ለዚህ ገና ቃል ገብቼላታለሁ።